ለማጅራቴ ሌዘር ሲሠራልኝ ያየሁት፣ የጠየቅሁትና የለካሁት

ሌዘር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሚቆርጥ ወይም የሚያቃጥል ነገር ነው። ስለዚህ «ለማጅራቴ ሌዘር እየተሠራልኝ ነው» ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው። «አያምም?» አያምም። እንዲያውም እኔ ጭራሽ ምንም አይሰማኝም። የሌዘሩ ጫፍ ቆዳ ላይ ጫን ይደረጋል፣ መሣሪያው ጢጥ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጢጥ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ይታለፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙቀት የለም፣ ንዝረት የለም፣ መርፌ የለም።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ምንም አለመሰማቱ ነው። በትክክል የተሠራለትና ለይስሙላ የተሠራለት ሰው አልጋው ላይ ሆነው ልዩነቱን ሊያውቁት አይችሉም። እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል። ይህን የምጽፈው ሊጀምሩ ላሰቡ ሰዎች ነው፤ ምን መጠየቅ እንዳለባቸውና ለውጡን በምን እንደሚለኩት እንዲያውቁ።

የኔ ችግር ከማጅራት ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚወርድ ህመም ነው። ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው የሚውሉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ዓመታት አስቆጥሯል። ምርመራው የሚያስደነግጥ ነገር አላሳየም። «ጡንቻ ነው» ተባልኩ፣ ማስታገሻ ታዘዘልኝ፣ ማስታገሻው ጨጓራዬን ሲያስቸግረኝ ተውኩት።

ህመሙ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ዝም ብሎ የሚከብድ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ የሚውል ነው። ሁለተኛው ሲነካ የሚያመው ነው፤ እሱ ይብስ ነበር። የቦርሳ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ያመኛል። የጡት መያዣ ማሰሪያ ያመኛል። ሰው በወዳጅነት ትከሻዬን መታ ሲያደርገኝ እንባዬ ይመጣል። በዚህ የተነሳ ሰው ሲጠጋኝ ትከሻዬን ሸሸት ማድረግ ልማድ ሆኖብኝ ነበር፤ የታዘቡኝም አሉ።

ይህ ሁለተኛው፣ ነርቮች ለህመም ከልክ በላይ ስሱ መሆናቸው ነው። አንድ ቦታ ሲቆጣ ፕሮስታግላንዲንን የመሳሰሉ ኬሚካሎች እዚያው ይለቀቃሉ። እነሱም የነርቭ ጫፎችን ያስቆጧቸዋል፤ በፊት ዝም የሚሉበት ግፊት አሁን ያስጮሃቸዋል። ህመሙ ሲቆይ ደግሞ ህብለ ሰረሰርና አንጎልም መልእክቱን ማጉላት ይጀምራሉ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እንደሚጮህ ውሻ ማለት ነው። ሌባ የለም፣ ጩኸቱ ግን የእውነት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙን አልጠራም። አንድ ቀይ የሚያበራ መሣሪያ ነበራቸው። ሠራተኛው ከቆዳዬ ራቅ አድርጎ ይይዘውና ማጅራቴን ከላይ ወደ ታች እንደ መጥረግ ያደርገዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ጨርሰናል» ይለኛል። ስንት እንደሰጠኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ራሱ ያውቃል» አለኝ። ምንም ለውጥ አላየሁም። ያኔ «ሌዘር አይሠራም» ብዬ ትቼው ነበር።

በኋላ ለሌላ ጉዳይ ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት ናት ነገሩን እንደገና ያስጀመረችኝ። እሷ ሌዘሩን ከማንሳቷ በፊት ሌላ መሣሪያ አወጣች። አልጎሜትር ይባላል። በእጅ የሚያዝ፣ ጫፉ ላይ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ክብ ጎማ ያለው፣ የግፊቱን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ ነገር ነው። ጎማዋን ትከሻዬ ጡንቻ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችና «እህቴ፣ እስከምትችዪው ድረስ እንድትታገሺ አልፈልግም» አለችኝ። «መጫኑን ትሰሚያለሽ። መጫን መሆኑ ቀርቶ ህመም መሆን ሲጀምር፣ ልክ በዚያች ቅጽበት 'በቃ' በዪኝ።»

ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ እኩል ፍጥነት ጠብቃ ጫነች። «በቃ!» ስል አነሳችና ቁጥሩን ጻፈች። ትንሽ አሳርፋኝ እዚያው ቦታ ላይ ደገመችው፤ አማካዩን ያዘች። ከዚያ ግራ ትከሻዬን ለካች። ቀጥላ፣ ለኔ ግራ የገባኝን ነገር አደረገች፤ ከጉልበቴ በታች፣ ከቅልጥሜ ጎን ያለውን ጡንቻ ለካች። «እግሬ ምን አገባው?» አልኳት። ሳቀች። ከሚያመኝ ቦታ የራቀ ጤነኛ ስፍራም በትንሽ ግፊት የሚያም ከሆነ፣ የነርቭ ሥርዓቱ በሙሉ ተቆጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንድ ቦታ ላይ ሌዘር መሥራት ብቻውን ላይበቃ ይችላል አለችኝ። እግሬ ደህና ሆኖ ተገኘ። የቀኝ ትከሻዬ ቁጥር ግን የግራውን ግማሽ እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ያን ቁጥር ሳይ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ እፎይታ ነው። ለካ ማጋነኔ አልነበረም።

አሁን ወደ ሌዘሩ። ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ከሩቢ ሠራው። በ1967 ሃንጋሪ ውስጥ ቡዳፔስት ላይ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት ጀርባቸው የተላጨ አይጦች ላይ ሞከረው። ካንሰር አልመጣም። የተላጨው ፀጉር ግን ሌዘር ያገኙት አይጦች ላይ ቶሎ በቀለ። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ለህክምና መዋል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በሙያው ቋንቋ ፎቶባዮሞዱሌሽን ይሉታል።

አሠራሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ለዚህ የሚውለው ብርሃን ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ነው፤ ከቀይ ጀምሮ ዓይን እስከማያየው ኢንፍራሬድ ድረስ። ይህ ብርሃን ከሌላው በተሻለ ወደ ሰውነት ዘልቆ ይገባል። ሴል ውስጥ ኃይል የሚመረትበት ማይቶኮንድሪያ ላይ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ብርሃኑን የሚቀበለው በዋናነት እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ውጤቱ የሴሉ የኃይል ምርት መጨመርና የቁጣ ኬሚካሎች መቀነስ ነው። ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ ደግሞ የህመም መልእክት የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ነርቮች ለጊዜው ዘገምተኛ ያደርጋቸዋል። ይህኛው ተመልሶ የሚጠፋ ነው፤ ነርቩን አይጎዳውም።

የእኔ አስተያየት፣ ከዚህ ሁሉ ለታካሚ የሚጠቅመው እውቀት ማይቶኮንድሪያው አይደለም፤ መጠኑ ነው። ሌዘርም እንደ መድኃኒት መጠን አለው፣ የሚለካውም በጁል ነው። ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው፤ የመሣሪያው ኃይል በዋት ሲባዛ በሰከንድ። 100 ሚሊዋት ማለት 0.1 ዋት ነው። አንድ ነጥብ ላይ 40 ሰከንድ ቢቆይ 4 ጁል ሰጠ ማለት ነው። 5 ሚሊዋት የሆነች መጠቆሚያ ሌዘር 10 ሰከንድ ብትይዙ ግን 0.05 ጁል ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። ያ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ማጅራቴን የጠረገው ብርሃን በየነጥቡ ስንት እንዳሳረፈ ከዚህ ተነስታችሁ ገምቱት። ከቆዳ ራቅ ተደርጎ ሲያዝ ደግሞ ገሚሱ ብርሃን አንጸባርቆ ይሄዳል።

ፊዚዮቴራፒስቷ በጣቷ እየዳበሰች በጣም የሚያሙኝን ነጥቦች ፈልጋ በቆዳ እስክሪብቶ ምልክት አደረገችባቸው። ከዚያ የሌዘሩን ጫፍ ቀጥ አድርጋ፣ ጫን አድርጋ ያዘችው። መጫኑ ያለምክንያት አይደለም። ቆዳው ሲጫን ደሙ ከዚያ ቦታ ሸሸት ይላል፤ ብርሃኑን በመንገድ የሚውጠው ነገር ይቀንሳል፤ ወደ ጡንቻው ያለው ርቀትም ያጥራል። እያንዳንዷን ነጥብ ሰከንዷን ቆጥራ ሳትነቃነቅ ጠበቀች። ለየሕመሙ ዓይነት በየነጥቡ ስንት ጁል እንደሚሰጥ ዓለም አቀፉ የሌዘር ቴራፒ ማኅበር ያወጣው ሰንጠረዥ አለ፤ እሷም በዚያ ነው የምትሠራው። በ904 ናኖሜትር የሚሠሩ፣ ብርሃኑን እየቆራረጡ የሚተኩሱ መሣሪያዎች በዚያ ሰንጠረዥ የራሳቸው መጠን አላቸው፤ ካልተቆራረጠው ያንሳል። ስለዚህ «ጓደኛዬ ጋ ይህን ያህል ደቂቃ ነው የሚይዙት» ብሎ ማወዳደር አያዋጣም።

ሲበዛ ይሻላል ማለትም አይደለም። ትንሽ መጠን ምንም አያደርግም፣ ልከኛው ይሠራል፣ ከልክ ያለፈው ጥቅሙ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። አንዴ «ዛሬ ጨምሪልኝ፣ ነገ ሥራ ይበዛብኛል» ብያት ፈገግ ብላ ዝም ብላኛለች።

የምርምሩ ውጤት አንዴ «ይሠራል» አንዴ «አይሠራም» የሚለውም በአመዛኙ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የማጅራት ህመም ግምገማ 16 ጥናቶችንና 820 ታካሚዎችን ሰብስቦ አይቷል። ሥር በሰደደ የማጅራት ህመም ላይ የህመሙ መቀነስ ህክምናው ካለቀ በኋላ እስከ 22 ሳምንት ድረስ እንደሚዘልቅ አገኘ። በ2019 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለባቸውን 1063 ሰዎች ያካተቱ 22 ጥናቶችን አየ። የሚመከረውን መጠን የሰጡትን ካልሰጡት ሲለይ፣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጥቅሙ ከፍ ያለው ደግሞ ህክምናው ካለቀ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነበር። የካንሰር ህክምና የሚያስከትለውን የአፍ ውስጥ ቁስለት ለመከላከልም ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይህን ሌዘር ለተወሰኑ ታካሚዎች ይመክሩታል። ለወገብ ህመም ግን ማስረጃው እንደዚህ አያጠግብም። «ለሁሉም በሽታ ነው» የሚላችሁን ሰው ጠርጥሩት።

ወደ ራሴ ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ማታ ላይ ቦታው ይብስብኝ ነበር፤ የከረመ ህመም ላይ ይህ ያጋጥማል፣ በማግስቱ ይረግባል። ከ0 እስከ 10 ህመሜን ስንት እንደምሰጠው በየጊዜው ትጠይቀኛለች፣ እኔም ያንኑ ቁጥር እደግምላታለሁ። «ለውጥ የለውም» ብዬ ላቆም ሳስብ አልጎሜትሩን አወጣች። የቀኝ ትከሻዬ ቁጥር ከፍ ብሏል። ጥቂት አይደለም፣ በግልጽ ከፍ ብሏል። ህመሙ እዚያው አለ፣ ግን ህመም እንዲሆን ከበፊቱ የበለጠ መጫን ያስፈልገዋል።

ይህን ስትነግረኝ ነው ያስተዋልኩት። ለካ ቦርሳዬን በቀኝ ትከሻዬ ማንገት ጀምሬያለሁ። ሌሊት ወደ ቀኝ ስገላበጥ መንቃቴም ቀርቷል። ሲነካ የሚያመው ቀድሞ ለቀቀኝ፤ ያ ቀኑን ሙሉ የሚከብደው ግን ቀስ እያለ ነው የተከተለው፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልሄደም።

ሐቁን ሁሉ ልናገርና፣ ሌዘር ያልነካው ግራ ትከሻዬም ቁጥሩ ትንሽ ጨምሮ ነበር። ስለዚህ ከቀኙ ለውጥ ውስጥ የተወሰነው ፈተናውን ከመልመድ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ የተወሰነውም ተስፋ ከማድረግ። ህመም በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ደግሞ ወደ ህክምና የሚሮጠው ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግለትም ትንሽ መለስ ይልለታል። ለዚህ ነው ጥሩ ጥናቶች ለግማሹ ታካሚ ብርሃን የማያወጣ ተመሳሳይ መሣሪያ የሚጠቀሙት። በኔ በኩል የቀኙ ጭማሪ ከግራው በጣም የሚበልጥ ስለነበር አምኜዋለሁ። ግራውን ባትለካልኝ ኖሮ ግን ምን ያህሉን ማመን እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ሌላው፣ ሌዘሩ ብቻውን አልነበረም። ከአልጋው ስወርድ አንገትን የማዞር፣ የትከሻ አጥንትን ወደ ኋላ የመሰብሰብ እንቅስቃሴ ታሠራኛለች። በፊት እንቅስቃሴው ራሱ ስለሚያመኝ ነበር የምተወው። ሌዘሩ ሲያለዝበው መሥራት ቻልኩ። እንደ እኔ እምነት የሌዘሩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በር ይከፍታል፣ መግባቱ የእናንተ ነው። ግን ወዲያው ከተሠራላችሁ በኋላ ስላላመማችሁ ብቻ ከባድ ዕቃ እንዳታነሱ። ነርቮቹ ገና ደንዘዝ ብለው ይሆናል፤ ጡንቻው ግን ያው የትናንቱ ነው።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም፤ ዓይን። ለህክምና የሚውሉት ብዙዎቹ ሌዘሮች በአደጋ ደረጃቸው ክፍል 3ቢ ወይም ክፍል 4 ናቸው፣ መሣሪያው ላይ ተጽፏል። 3ቢ እስከ 500 ሚሊዋት ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው 4 ነው። ኢንፍራሬዱ ደግሞ ስለማይታይ ዓይናችሁ ብልጭ ብሎ አይሸሸውም፤ እስክታውቁት ሬቲናው ተጎድቷል። መነጽሩን ባለሙያውም እናንተም ታደርጋላችሁ፤ የፀሐይ መነጽር አይደለም፣ ለዚያ መሣሪያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ ነው። መነጽር የማይሰጥ ቦታ ከሆነ ተነስታችሁ ውጡ።

ካንሰር ያለበት ወይም የተጠረጠረበት ቦታ ላይ አይሠራም፤ የአፍ ቁስለቱ ህክምና በካንሰር ሐኪሞች ክትትል የሚደረግ ሌላ ጉዳይ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆድና ወገብ ላይ አይሠራም። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እንወቅ፤ ሜላኒን ብርሃኑን እላይ ላይ ስለሚውጠው፣ በተለይ ኃይለኛ በሆኑት መሣሪያዎች ቆዳው ሊሞቅ ይችላል። ንቅሳትም እንደዚሁ። ሙቀት ሲሰማችሁ ችላ ሳትሉ ወዲያው ተናገሩ፤ ባለሙያው ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ቦታ ይቀይራል።

ክንድ የሚያደነዝዝ፣ እጅ የሚያዝል፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የሚቀንስ ወይም ከወደቁ በኋላ የመጣ የማጅራት ህመም ካላችሁ ግን ሌዘሩ ይቆይ። መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ።

ልትጀምሩ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ኃይሉ ስንት ሚሊዋት ነው፣ በአንድ ነጥብ ስንት ጁል ትሰጡኛላችሁ። መልሱን ሳያመነታ የሚነግራችሁ ሰው ሥራውን ያውቃል። አልጎሜትር ከሌላቸውም ከመጀመራችሁ በፊት የሚያማችሁን የተለየ ነገር ጻፉ። «ያመኛል» ብቻ አይበቃም። ቦርሳ ስንት ደቂቃ ትይዛላችሁ? በየትኛው ጎን ትተኛላችሁ? አንገታችሁ እስከ የት ይዞራል? ካለቀ በኋላም ወዲያው አትፍረዱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ሙሉት።

እኔ ጋ ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ቦርሳው ተሰርዟል፣ እንቅልፉም ተሰርዟል፣ የአንገቴ መዞር ግማሽ በግማሽ ነው። አብሮ የተጻፈው ራስ ምታቴ ግን ንቅንቅ አላለም። እሱን ለሌላ ሐኪም ይዤ ሄጃለሁ።